ሞተርሆምን ከሐምሌ እርጥበትና ከኅዳር ውርጭ ማዳን፦ አዲስ አበባ ዙሪያ ለሚያቆሙ

አዲስ አበባ ዙሪያ ሞተርሆም፣ ማለትም አልጋና ምድጃ ያለው ማደሪያ መኪና፣ ያለው ሰው ብዙ አይደለም። ግን አለ። ከውጭ ያስመጣ አለ። አሮጌ ቅጥቅጥ ገዝቶ፣ ወንበሩን ነቅሎ፣ አልጋና የጋዝ ምድጃ የገጠመበት አለ። ሚኒባስ ውስጥ ፍራሽ ዘርግቶ ቅዳሜ ቅዳሜ ላንጋኖ የሚወርድም አለ። መሃል ከተማ ሰፊ ማቆሚያ ስለማይገኝ መኪናው የሚከርመው ሱሉልታ፣ ሰንዳፋ፣ ለገጣፎ፣ ቡራዩ ወይም ሆለታ ነው። ወይ ዘመድ ግቢ ውስጥ፣ ወይ በኪራይ ቦታ። ሱሉልታን ብንወስድ ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 2,700 ሜትር ይጠጋል። ክረምቱ ከባድ ነው፤ የበጋው ሌሊት ደግሞ አጥንት ይሰብራል።

የውጭ አገር መመሪያዎችን ያነበበ ሰው ስለ በረዶ ብቻ ነው የሚጨነቀው። ቧንቧ ይፈነዳል፣ ሁሉንም ዝጋ፣ ጠቅልለህ አስቀምጥ ይላሉ። ለእነሱ አገር ትክክል ነው። እዚህ ግን ውርጩ የጥቂት ሰዓት እንግዳ ነው፤ ሊነጋጋ ሲል ይመጣል፣ ፀሐይ ስትወጣ ይሄዳል። መኪናውን ቀስ ብሎ የሚበላው እርጥበት ነው። እርጥበቱ ደግሞ ከደጅ ብቻ አይገባም፤ ግማሹን እኛው ውስጥ ሆነን እናመርተዋለን። ስለዚህ እዚህ የሚሠራው ዘዴ ከላይ በደንብ መክደን፣ ከጎን ደግሞ ማስተንፈስ ነው። ብዙ ሰው የሚያደርገው ተቃራኒውን ነው። ጣሪያውን ሳያይ መስኮቱን ጠርቅሞ ይሄዳል።

ሥራው ሁለት ዋና ወቅት አለው። አንዱ ግንቦት ላይ ነው፣ ሰኔ ሳይገባ። ሌላው ጥቅምት መጀመሪያ ላይ።

1. የሚቆምበትን መሬት አስተካክሉ

ሰንዳፋና ለገጣፎ በኩል ብዙው መሬት ጥቁር አፈር ነው። በበጋ ይሰነጠቃል፣ በክረምት ያብጣል፣ ከዚያ ጎማ ይውጣል። አንዱ ጎማ ብቻ ሲሰምጥ መኪናው ይዛባል። ቦዲው ሲጠመዘዝ ደግሞ የጣሪያው ማሸጊያ ይላቀቃል። ያ ነው በነሐሴ ጠብታ ሆኖ የሚመጣው። ገረገንቲ አስደፍታችሁ በላዩ ጠጠር ብታደርጉ ጥሩ ነው። አቅም ካጠረ በአራቱ ጎማዎች ሥር ብቻ ይሁን። በዙሪያው አንድ ክንድ የምትሰፋ ቦይ አስቆፍሩና ውሃው ወደ ተዳፋቱ ይሂድ።

ሣር ላይ አታቁሙ። ሣር ሌሊቱን ሙሉ ጤዛ ይይዛል፤ ከመኪናው ሆድ ሥር ያለው አየር አይደርቅም። ባሕር ዛፍ ሥርም አይሆንም። ቅጠሉ የጣሪያውን ውሃ መውረጃ ይደፍናል፣ ዝናቡ ካባራ በኋላም ለሰዓታት ያንጠባጥባል፣ ፀሐይ ይከለክላል። ቅርንጫፉ ሲገነጠል ደግሞ ማንንም አያስጠነቅቅም።

ሌላው ብዙ ሰው የማያስበው ነገር የቀዝቃዛ አየር መውረጃ ነው። ጥርት ባለ ሌሊት ቀዝቃዛው አየር እየከበደ ወደ ሜዳው ዝቅተኛ ቦታ ይወርድና እዚያ ይተኛል። የሱሉልታ ሜዳ ጠዋት በአመዳይ ነጥቶ ሲታይ ከጎኑ ያለው ከፍታ ላይ ሣሩ አረንጓዴ የሆነበት ምክንያት ይኸው ነው። ምርጫ ካላችሁ ከጉድጓዳማው ቦታ ይልቅ ትንሽ ከፍ ያለውን ያዙ። ወጨፎው ከየት በኩል እንደሚመታም የግቢውን ዘበኛ ጠይቁ፤ ከእሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። በርና መስኮት የበዛበትን ጎን ወደዚያ አታዙሩ።

ጣሪያው ላይ ውሃ እንዳያቁር መኪናው በጣም ትንሽ ወደ አንድ በኩል ያዘንብል። የእጅ ፍሬን ግን ስባችሁ አትተዉት። ከአራት ወር እርጥበት በኋላ የፍሬን ሸራው ከታምቡሩ ጋር ዝጎ ይጣበቃል። ማርሽ አስገቡና ጎማው ሥር ታኮ አድርጉበት። ይበቃል።

2. ጣሪያው ላይ ውጡ

ከሁሉም በላይ ጊዜ መስጠት ያለባችሁ እዚህ ነው። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ያለው የደጋ ፀሐይ ማሸጊያውን ያደርቀዋል። ከፍታ ላይ ጨረሩ ኃይለኛ ነው፤ ከቆላው ያነሰ ሙቀት ቢኖርም ጎማና ማስቲካ መሰል ነገር ቶሎ ይሰነጥቃል። ክረምቱ የሚያገኘው በጋው የከፈተለትን ቀዳዳ ነው።

ጠዋት ፀሐይ ከመበርታቷ በፊት መሰላል አቁሙና ውጡ። ላሜራው ስስ ከሆነ ጣውላ ዘርግታችሁ በላዩ ተንበርከኩ። ከዚያ እያንዳንዱን መገጣጠሚያ በጣት ዳስሱ። የጣሪያ መስኮት ዙሪያ፣ የሶላሩ እግር፣ ሽቦ የገባበት ቀዳዳ፣ የጎንና የጣሪያ ላሜራ የሚገናኙበት ጠርዝ። ቅጥቅጥ ላይ ደግሞ ዋናው ተጠርጣሪ ጣሪያው ላይ ያለው ዕቃ መጫኛ፣ ፖርቶመጋላው፣ ነው። የታሰረባቸው ብሎኖች ሁሉ ጣሪያውን በስተው ያለፉ ናቸው። አንዷን ብሎን ቀረብ ብላችሁ እይዋት። ጭንቅላቷ ዙሪያ የሻይ ቀለም ያለው ቀጭን ቀለበት ካለ ውሃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ዝገቱ ከላይ ብቻ ከሆነ ብዙ አያስጨንቅም። ውስጥ ገብታችሁ በዚያው ትይዩ ኮርኒሱን በአውራ ጣት ጫን በሉት። ኮምፔንሳቶው ደረቅ ከሆነ ይገፋችኋል። እንደ ስፖንጅ ረገብ ካለ ውሃው ከገባ ቆይቷል። በካቻቢቴ እጀታ ቀስ ብላችሁ መታ መታ አድርጉ፤ የደረቀው ጠንከር ያለ ድምፅ ይሰጣል፣ የበሰበሰው ዝም ይላል።

የእንጨት እርጥበት መለኪያ ያለው ሰው ከተገኘ ከ15 በመቶ በታች ያለው ደህና ነው። ከ20 በመቶ ካለፈ ፈንገስ ሥራ ጀምሯል ወይም ሊጀምር ነው።

የት እንደሚያፈስ ካልታወቀ በጎማ ቱቦ ፈትሹ። አንድ ሰው ውስጥ ባትሪ ይዞ ይቀመጥ። ሌላው ውጭ ሆኖ ውሃውን በቀስታ ያፍስስ። ከታች ጀምራችሁ ወደ ላይ ውጡ። ከላይ ከጀመራችሁ ውሃው ሁሉንም ቦታ ስለሚያረጥብ ቀዳዳው የትኛው እንደሆነ አይለይም። እያንዳንዱ ቦታ ላይ ጥቂት ደቂቃ ቆዩ። የመኪና ማጠቢያ በግፊት የሚረጨውን ማሽን አታምጡ፤ እሱ ደህናውንም ይከፍተዋል።

ማሸጉ እንዲህ ነው። አሮጌውን ማሸጊያ በላስቲክ ወይም በእንጨት መፋቂያ ሙሉ በሙሉ አንሱ። በላዩ መለጠፍ ልፋት ነው፤ አዲሱ የሚይዘው አሮጌውን እንጂ ላሜራውን አይደለም። ቦታውን በአልኮል ጥረጉ። በቤንዚን የሚጠርጉ አሉ፤ ቤንዚን ቅባት ትቶ ስለሚሄድ አይመከርም። ዝገት ካለ እስኪነጣ ፍቃችሁ አንቲረስት ቀቡና ይድረቅ። ከዚያ ነው ማሸጊያው።

ሱቅ ሄዳችሁ ዝም ብላችሁ "ሲሊኮን" ካላችሁ የመታጠቢያ ቤቱን ነው የሚሰጧችሁ። ኮምጣጤ ኮምጣጤ የሚሸተው ሲሊኮን ሲደርቅ አሲድ ስለሚያወጣ ባዶ ላሜራ ያዝገዋል። ሲሊኮን አንዴ ያረፈበት ቦታ ላይ ደግሞ ቀለምም ሆነ ሌላ ማጣበቂያ በቀላሉ አይዝም። የሚሻለው ፖሊዩሬቴኑ ነው፤ የመኪና መስታወት የሚለጠፍበት ጥቁሩ ዓይነት። ሶማሌ ተራም ሆነ የመለዋወጫ ሱቆች ውስጥ ይገኛል። ጊዜው ያለፈበት እንዳይሆን ቱቦውን ጫን ጫን አድርጉ፤ ከደረቀ አይጫንም። ፍሬም ያለውን ነገር፣ ለምሳሌ የጣሪያ መስኮት፣ ነቅላችሁ የምትመልሱ ከሆነ ሥሩ ቡታይል ቴፕ የተባለውን የሚያጣብቅ ማሸጊያ አድርጉ። እሱ ሁሌም ለስላሳ ስለሆነ መኪናው ሲንገጫገጭ አብሮ ይንቀሳቀሳል።

ፖሊዩሬቴን ከላይ ቶሎ የደረቀ ይመስላል። ውስጡ ግን በቀን 3 ሚሊ ሜትር ያህል ነው የሚደርቀው። ስለዚህ ደመና ሲያንዣብብ አትጀምሩት።

የበርና የመስኮት ጎማዎችን በሳሙና አጥባችሁ ግሊሰሪን ቀቧቸው። አዎ፣ ያው በጥቅምት ቆዳ የምንቀባው። ጎማውን ያለሰልሰዋል፣ በውርጭም ከላሜራው ጋር እንዳይጣበቅ ያደርጋል። ቫዝሊን ግን ይቅር፤ የነዳጅ ውጤት ስለሆነ አንዳንዱን ጎማ ያሳብጠዋል። መስኮቱ የሚንሸራተትበት ቦይ ሥር ትንንሽ የውሃ መውጫ ቀዳዳዎች አሉ። በአቧራ ይደፈናሉ። በጥርስ እንጨት ክፈቷቸው፤ ካልሆነ ውሃው ሞልቶ ወደ ውስጥ ይገለበጣል።

3. ከላይ ቆርቆሮ፣ በላስቲክ መጠቅለል የለም

መኪናውን በላስቲክ ሸራ ጠቅልሎ በገመድ ጠፍሮ መሄድ የተለመደ ነው። ከርቀት ሲያዩት የተጠበቀ ይመስላል። ግን ከመሬት የሚነሳው እርጥበትና ውስጥ የቀረው አየር መውጫ ያጣል። ከፍሪጅ የወጣ የለስላሳ ጠርሙስ እንደሚያልበው ሁሉ ላሜራው ሌሊት ሲቀዘቅዝ ከሸራው ሥር ያልበዋል። በነፋስ ሲራገብም ቀለሙን ይፍቃል።

ከሸራው ይልቅ መጠለያ ማሠራት ይሻላል። የባሕር ዛፍ አጣና ወይም ቱቦላሬ ቋሚ፣ ከላይ ኢጋ ቆርቆሮ፣ ጎኑ ክፍት። ከመኪናው ጣሪያ ቢያንስ ግማሽ ሜትር ከፍ ይበል፣ በየጎኑም አንድ ሜትር ያህል ይለፍ፤ ወጨፎ በሚመታበት በኩል ትንሽ ይጨመርበት። ቆርቆሮውን በደንብ አሳስሩ፤ የበልግና የክረምት ነፋስ የላላ ቆርቆሮ ይዞ ይሄዳል። መጠለያው ሦስት ነገር በአንዴ ይሠራል። ዝናቡን ይከለክላል፣ ማሸጊያውን ከፀሐይ ያድናል፣ በረዶ ሲዘንብ የፕላስቲክ የጣሪያ መስኮቶቹን ያተርፋል። ውርጭን እንኳን ይቀንሳል፤ ጥርት ባለ ሌሊት መኪናው ሙቀቱን በቀጥታ ወደ ሰማይ እንዳይለቅ ቆርቆሮው ይመልስበታል።

ማሠራት ካልተቻለና ሸራ ግድ ከሆነ ጣሪያውን ብቻ ይሸፍን። ጎኑ ይከፈት። ሸራው ላሜራውን እንዳይነካም በመሃሉ የተጠቀለለ ስፖንጅ ወይም ጣውላ ጣል አድርጉ።

4. ሰኔ ከመግባቱ በፊት ውስጡን ባዶ አድርጉ

ልብስ፣ ብርድ ልብስ፣ ወረቀት፣ እህል፣ ቅመም ሁሉ ይውጣ። ቁም ሳጥን ውስጥ የተረሳ ግማሽ ኪሎ ሽሮ በመስከረም የሚገኘው ወይ ጓጉሎ፣ ወይ ነቅዞ፣ ወይ አይጥ ጋብዞ ነው። ፍራሹ ወደ ቤት ቢወሰድ ይመረጣል። ካልሆነ በጎኑ አቁሙት። ፍራሽ ጣውላ ላይ እንደተኛ ከከረመ ሻጋታው የሚጀምረው ከሥሩ ነው። ከላይ ንጹሕ ሆኖ ይታያል፣ ስትገለብጡት ግራጫ ነጠብጣብ ተበትኖበታል። በቋሚነት ለማስተካከል ከአልጋው ጣውላ ላይ ፍራሹን የሚያነሳ ርብራብ አሠሩ፣ ወይም ጣውላውን በየቦታው አስበሱት።

የቁም ሳጥንና የመሳቢያ በሮች ሁሉ ክፍት ይሁኑ። ፍሪጁ በሩ በትንሹ ተከፍቶ በእንጨት ይያዝ። ምንጣፍ ይነሳ።

አሁን ዋናው። ቢያንስ ሁለት የአየር መግቢያና መውጫ ክፍት መቅረት አለበት፤ አንዱ ዝቅ ያለ፣ አንዱ ከፍ ያለ፣ በተቃራኒ ጎን ቢሆን ደግሞ ጥሩ። የላይኛው ዝናብ የማያስገባ ክዳን ይኑረው። ሁለቱም ላይ ቀጭን የሽቦ ወንፊት ግጠሙ። ከታች ያሉ ሌሎች ቀዳዳዎችን፣ ሽቦና ቧንቧ የሚያልፍባቸውን፣ የድስት መፈተጊያ ሽቦ ጠቅጥቁባቸው። አይጥ ያንን አያኝክም። የኤሌክትሪክ ሽቦ ግን ይወዳል፤ ክረምት ላይ ደረቅ ቦታ ፈልጎ ሲመጣ ደግሞ ቤተሰቡን ይዞ ነው።

ስለ እርጥበት መምጠጫዎች ብዙ ይወራል። ጨው በሳህን ማስቀመጥ ብዙ አይረዳም፤ የገበታ ጨው ውሃ መሳብ የሚጀምረው የአየሩ እርጥበት 75 በመቶ አካባቢ ሲደርስ ነው፣ ያን ጊዜ ሻጋታው ቀድሞታል። ከሰል ሽታ ይቀንሳል እንጂ አያደርቅም። ካልሲየም ክሎራይድ የተባለው በእርግጥ ይስባል። ግን ወደ ፈሳሽ ይለወጣል፣ ፈሳሹም ላሜራ ይበላል። የምትጠቀሙ ከሆነ ሰፊ የፕላስቲክ ሳፋ ውስጥ ይሁን፣ ሳይሞላም ይደፋ። ኖራ የሚያስቀምጡም አሉ፤ ያልበረደ ኖራ ውሃ ሲነካው ስለሚግል ያቃጥላል፣ እኔ አልመክርም። የትኛውም መምጠጫ ግን ለሚያፈስ ጣሪያ መፍትሔ አይሆንም።

5. ክረምቱን ሙሉ አትጥፉ

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ቢያንስ በሁለት ሳምንት አንዴ ብቅ በሉ። ካልቻላችሁ ለግቢው ሰው አደራ ስጡ፤ ቁልፉን ብቻ ሳይሆን ምን እንደሚሠራም አሳዩት። ዝናቡ ብዙ ጊዜ ከሰዓት በኋላ ስለሚበረታ ጠዋቱ ነው የሚጠቅመው። ከረፋዱ 4 ሰዓት እስከ 7 ሰዓት ፀሐይ ብልጭ ካለች በርና መስኮቱ ሁሉ ይከፈት። ሰማዩ ሲከብድ ወደ ትንንሾቹ መተንፈሻዎች ተመለሱ። ጭጋግ ባለበት ቀን ሁሉንም መክፈት ጥቅም የለውም፤ የደጁ አየር ራሱ ውሃ ተሸክሞ ነው የሚገባው።

መብራት ያለበት ግቢ ከሆነ ትንሽ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በዝቅተኛው ላይ ለሁለት ሦስት ሰዓት፣ ሰው እያለ፣ የላይኛው መተንፈሻ ተከፍቶ። ሙቀቱ ውሃውን ከእንጨቱ ያስለቅቃል፣ ክፍተቱ ያስወጣዋል። ክፍተት ሳይኖር ማሞቅ ውሃውን ከአንዱ ጥግ ወደ ሌላው ማዛወር ብቻ ነው። በሶላር የምትሠራ 12 ቮልት ፋን የላይኛው መተንፈሻ ላይ መግጠም ደግሞ ወጪዋ ትንሽ፣ ጥቅሟ ብዙ ነው።

6. መስከረም ላይ እጠቡና አድርቁ

ዝናቡ ሲያባራ መጀመሪያ የመኪናውን ሆድ እጠቡ። የደረቀ ጭቃ እርጥበት አቅፎ ይይዛል፤ ዝገቱ የሚጀምረው ከሥሩ ነው። ከታጠበ በኋላ ለአንድ ሁለት ቀን ይድረቅና የተላጠው ቦታ አንቲረስት ይቀባ። ሆዱን በተቃጠለ ዘይት የሚያስቀቡ ብዙ ናቸው። ላሜራውን ለጊዜው ይሸፍናል፣ ግን የጎማ ቡሽና ቱቦ ያበላሻል፣ አቧራ ይሰበስባል፣ ዝናብ ሲመጣም መሬት ላይ ይወርዳል። ተዉት።

ሻጋታ ካገኛችሁ በደረቁ አትቦርሹት፤ ዱቄቱ ይበተንና ወደ ሳንባችሁ ይገባል። ማስክና ጓንት አድርጉ፣ በሮቹን ክፈቱ፣ በሳሙና ውሃ በራሰ ጨርቅ ጥረጉ። ከዚያ ጠንካራ ነገር ላይ በውሃ የቀጠነ በረኪና፣ ወይም ነጭ ኮምጣጤ። ከሁለቱ አንዱን ብቻ። በረኪናና ኮምጣጤ ሲቀላቀሉ መርዛማ የክሎሪን ጋዝ ይወጣል፤ ጠባብ መኪና ውስጥ ደግሞ ቀልድ አይደለም። የበሰበሰ ኮምፔንሳቶ ታጥቦ አይድንም። ተቆርጦ ይውጣ፣ ከኋላው ያለው ይድረቅ፣ ከዚያ አዲስ ይግባ። ግድግዳውን ከከፈታችሁ አይቀር ከላሜራው ጀርባ የመስታወት ሱፍ ካለ አውጡት፤ ውሃ ይዞ አይለቅም። በምትኩ ጠንካራ ፎም ይሻላል።

7. ጥቅምት ሲገባ ውሃውን አውጡ

በጥቅምት አንድ አጥንት የሚባለው ለሰው ነው፤ ለመኪናው ግን የሚያስፈልገው የውሃ ታንከሩን ባዶ ማድረግ ነው። ከጥቅምት እስከ ጥር ሰማዩ ጥርት ሲል ሱሉልታና ሆለታ ላይ ሌሊቱ ወደ ዜሮ ዲግሪ ይጠጋል፣ መሬት ላይ ውርጭ ያጋግራል። ውሃ ሲረጋ 9 በመቶ ያህል ይሰፋል። የውስጥ ቧንቧዎች በእኛ ብርድ ብዙም አይፈነዱም። የሚጎዱት ውጭ የተጋለጡት ናቸው፤ ሆዱ ላይ ያለ ቀጭን ቧንቧ፣ የውጭ ሻወር፣ የውሃ ማጣሪያ፣ የፓምፑ ራስ። ዱከምና ቢሾፍቱ በኩል ለምታቆሙ ይህ ክፍል ብዙም አይመለከታችሁም፤ ዝቅ ብሎ ስለሆነ ይሞቃል።

የፓምፑን መብራት አጥፉ። የታንከሩን መልቀቂያ ክፈቱ። የሙቅም የቀዝቃዛም ቧንቧዎች ሁሉ ይከፈቱ፣ ሻወሩ ወደ መሬት ይውረድ። የውሃ ማሞቂያውን አጥፍታችሁ ከቀዘቀዘ በኋላ የራሱን ቡሽ ፍቱ። ከዚያ ፓምፑን ለአንድ አፍታ አስነሱት፣ ደርቆ ሲጮህ አጥፉ። መስመሩ ውስጥ የቀረውን በኮምፕሬሰር ማስነፋት ይቻላል፤ ጎሚስታው ጋ ወይም በእጅ ፓምፕ። ግን ከ2 ባር አይለፍ። ጎሚስታው የከባድ መኪና ጎማ በሚሞላበት ግፊት ከለቀቀባችሁ ውርጩ ያላደረገውን እሱ ያደርገዋል። ማጣሪያውን ነቅላችሁ ወደ ቤት ውሰዱ። ቧንቧዎቹን ግማሽ ክፍት አድርጋችሁ ተዉ።

የእቃ ማጠቢያው ሲፎን ውስጥ ትንሽ ውሃ ይቀራል፤ በጨርቅ መጥጡት። የመኪና ኩላንት የውሃ መስመር ውስጥ የሚጨምሩ ሰዎች አሉ። ኩላንት መርዝ ነው። ለራዲያተር እንጂ ሰው ለሚጠጣበት መስመር አይሆንም።

8. ባትሪ፣ ሞተርና ጋዝ

ራዲያተሩ ውስጥ ያለው የቧንቧ ውሃ ብቻ ከሆነ አስደፉና ኩላንት ግማሽ በግማሽ ከንጹሕ ውሃ ጋር ይሞላ። ከብርዱ ይልቅ ለዝገቱ ነው። የናፍጣ ታንከሩን ሞልታችሁ አቁሙ፤ ባዶው ቦታ ላይ አየሩ አልቦ ውሃ ናፍጣው ውስጥ ይገባል። የናፍጣ ማጣሪያው ሥር ያለችውን የውሃ መልቀቂያም አትርሱ።

ባትሪው በደንብ ተሞልቶ ሲያርፍ 12.6 ቮልት አካባቢ ያሳያል። ከ12.4 በታች ሲወርድ ቻርጅ ይደረግ። ለወራት ከቆመ ነጌቲቩን ንቀሉ። የሊቲየም ባትሪ ያላችሁ አንድ ነገር ልብ በሉ፤ ባትሪው ራሱ ከዜሮ በታች ቀዝቅዞ እያለ መሙላት ይጎዳዋል። ጠዋት ፀሐይ ስትመታው ትንሽ ይሙቅ፣ ከዚያ ይሞላል። ሞተር አስነስቶ አምስት ደቂቃ አሟሙቆ ማጥፋት ጥቅም የለውም፤ ማርመታው ውስጥ ውሃ ያጠራቅማል፣ ባትሪውን ያደክማል። በወር አንዴ ግማሽ ሰዓት ያህል ብትነዱት ሞተሩ፣ ፍሬኑ፣ ጎማውም ይፍታታል።

በሲሊንደር የሚሸጠው ጋዝ ቡቴን የበዛበት ከሆነ በውርጭ ጠዋት ይደክማል፤ ቡቴን ወደ ዜሮ ዲግሪ ሲጠጋ መትነኑ በጣም ይዳከማል። እሳቱ ሲያንስባችሁ ሲሊንደሩን በእሳት አታሙቁ። ፀሐይ እስክትወጣ መታገስ ነው፣ ወይም ለብ ያለ ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ማቆም።

9. በብርዱ ውስጡ ስታድሩ

ሁለት ሰው ተኝቶ እስኪነጋ በትንፋሽና በላብ ብቻ ግማሽ ሊትርና ከዚያም በላይ ውሃ ያወጣል። 1 ኪሎ ጋዝ ሲነድ ደግሞ 1.5 ሊትር ያህል ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። ይህ ሁሉ የሚያርፈው ቀዝቃዛ ቦታ ላይ ነው፤ የፊት መስታወት፣ የበር ላሜራ፣ ከፍራሹ ሥር። ጠዋት ከንፈሩ ላይ ውሃ ያቆረ የመስኮት ፍሬም ካያችሁ ጣሪያው ያፈሰሰ አይምሰላችሁ። የእናንተው ትንፋሽ ነው።

ስለዚህ ድስት ይከደን። ከፍታው ላይ ውሃ 92 ዲግሪ አካባቢ ስለሚፈላ ሽሮም ሆነ እንቁላል ረዘም ይላል፤ ረዘም ባለ ቁጥር እንፋሎቱም ይበዛል። በተቻለ መጠን ውጭ አብስሉ። እርጥብ ጃኬትና ጫማ ውስጥ አታድርቁ። ሌሊት ቢበርድም የላይኛው መተንፈሻ ሁለት ጣት ያህል ክፍት ይሁን። የፊት መስታወቱን በልኩ በተቆረጠ ፎም ሸፍኑ፤ ትልቁ ብርድ የሚገባው በእሱ ነው። ጠዋት መስታወቱን በፎጣ ጥረጉና ፎጣውን ውጭ ጭመቁት፣ ውስጥ አታስጡት።

ከሰል መኪና ውስጥ አታስገቡ። ቡና ለማፍላትም፣ ለአፍታ ለመሞቅም፣ "መስኮቱን ትንሽ ከፍቼዋለሁ" ብሎም። ከሰል የሚያወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ሽታ የለውም፣ አይታይም፣ የተኛ ሰው አይነቃበትም። ፍም የሆነው ከሰል ጭስ ስለሌለው አይጎዳም የሚሉ አሉ፤ መርዙን የሚያወጣው እሱው ነው። የጋዝ ምድጃንም እንደ ማሞቂያ አትጠቀሙ። ቡናው ደጅ ይፈላ፣ ጀበናው ይግባ።

ማሞቂያ ከተፈለገ የሚቃጠለው አየር ከውጭ ገብቶ ወደ ውጭ የሚወጣበት የናፍጣ ማሞቂያ ነው የሚሻለው። እንጦጦና ሱሉልታ ከፍታ ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ጠለሉ በሩብና ከዚያም በላይ ስለሚያንስ ናፍጣው በደንብ ሳይቃጠል ጥቀርሻ ያበዛል። ስትገዙ ለከፍታ የሚስተካከል መሆኑን ጠይቁ። የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ ደወልም ከአልጋው አጠገብ ይኑር፣ ባትሪው በየጊዜው ይፈተሽ።

10. ለገና ወይም ለጥምቀት ስትወጡ

ባዶ የከረመውን ታንከር ሞልታችሁ ወዲያው አትጠጡ። ቡሾቹንና ማጣሪያውን መልሱ። ለእያንዳንዱ 100 ሊትር ውሃ 5 በመቶ የሆነ፣ ሽቶና ቀለም የሌለው በረኪና 100 ሚሊ ሊትር ጨምሩ። ፓምፑን አስነሱና የበረኪናው ሽታ በየቧንቧው እስኪመጣ ድረስ አፍስሱ፣ ከዚያ ዝጉ። ማጣሪያው ካርቦን ያለው ከሆነ ግን ከዚህ በኋላ ነው የሚገባው። ቢያንስ አራት ሰዓት፣ ከተቻለ እስኪነጋ ይቆይ። በሙሉ ድፉት። ሁለት ጊዜ በንጹሕ ውሃ አለቅልቁ፤ ሽታው ካልጠፋ ሦስተኛ።